ለክሊኒኩ የማላሳየው ደብተር

ሴፕቴምበር 9

ይህን ደብተር ዛሬ ጠዋት ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ገዛሁት። አብሬ ሌላም ነገር ገዝቻለሁ፤ መጻፍ ያለብኝም እሱን ነው። ስድስት ዶናት። አራቱ ስኳር የተነሰነሰባቸው፣ ሁለቱ ቸኮሌት የተቀቡ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ካወረድኩ በኋላ አውቶብሱን ሐይቁ ዳር አቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ስድስቱንም በላሁ። ስድስተኛው እንኳ አላማረኝም ነበር። ግን አንድ ዶናት አስቀርቶ ወዴት ይኬዳል?

ክሊኒኩ የሰጠኝ ሌላው ደብተር የዛሬ ቁርስ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ግማሽ ኩባያ አጃ ያለ ስኳር። አንድ ፖም።» የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ሲያምር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨጓራዬን ቆርጠው ሊያሳንሱልኝ ነው። ኢንሹራንሱ እንዲፈቅድልኝ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ ወር እንኳ ሳልዘል፣ ክሊኒክ ሄጄ መመዘንና የበላሁትን ሁሉ እየጻፍኩ ማሳየት አለብኝ። ጁን ላይ ጀመርኩ፤ ዛሬ አራተኛዬ ነው። ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ኢንሹራንስ ይለወጣል፤ አዲሱ ደግሞ ይህን ቀዶ ሕክምና ጭራሽ አይሸፍንም። ስለዚህ ወይ ዘንድሮ ነው ወይ መቼም አይደለም። ለሾፌርነቴ ጤንነቴን የሚመረምረው ሐኪም በማርች ፊት ለፊት ነግሮኛል፦ «ላይል፣ ተኝተህ ትንፋሽህ ይቆማል። የደም ግፊትህ ጣራ ነክቷል። በሚመጣው ማርች እንዲሁ ሆነህ ከመጣህ አልፈርምልህም። የሰው ልጆች ጭነህ አትነዳም።» ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሚዛኑ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ፓውንድ አለ። ጁን ላይም ያው ነበር። የምግብ ባለሙያዋ ኢንግሪድ ሚዛኑን አየች፣ ደብተሬን አየች፣ ተመልሳ ሚዛኑን አየች። «ግራ ገባኝ እኮ» አለች። ቢሆንም ገጹ ጥግ ላይ ወርቃማ ኮከብ ለጠፈችልኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ለሞላው ሰውዬ! እና ደስ አለኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረው ይሄ ነው።

ሴፕቴምበር 14

ውሸቱ እንዴት እንደተጀመረ ልጻፈው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እውነቱን ጽፌ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የክሊኒኩ ደብተር የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ሚስቴ ማርሊስ አነበበችው። «ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው?» አለችኝ። በቁጣ ብትለኝ እችለው ነበር። በፍርሃት ነው ያለችኝ፤ ሐኪም መጥፎ ነገር ሲነግራት እንደምትጠይቀው አድርጋ። በማግስቱ ሦስቱንም ገጽ ቀድጄ ጣልኩና ከአንድ ጀመርኩ። «የተሳሳተ መስመር ላይ ጽፌ ነው» አልኳት። አመነችኝ።

ሴፕቴምበር 19

ዓርብ። እንደ ወትሯችን ዓሣ ልንበላ ወጣን፤ እኔ፣ ማርሊስ፣ ወንድሟ ዱዌይንና ሚስቱ። ማርሊስ ለሁለታችንም በዘይት የተጠበሰ ሳይሆን ያለ ዘይት የበሰለ ዓሣ፣ ያለ ድንች፣ በጎመን አዘዘች። ዱዌይን ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ላይል፣ እህቴን ቆዳና አጥንት አደረግሃት፣ አንተ ንቅንቅ አላልክም! የሷንም ድርሻ ነው እንዴ የምትሰለቅጠው?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ማርሊስ ግን አልሳቀችም። «አርፈህ ዓሣህን ብላ ዱዌይን! እሱ የሚበላው እኔ የምበላውን ነው። በእጄ መዝኜ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሰውነቱ እንቢ ካለ ምን ያድርግ?»

«እሺ፣ እሺ፣ ቀለድኩ። ምነው?»

«በዚህ አይቀለድም።»

ከጁን ጀምሮ እሷም እንደኔ ነው የምትበላው። እኔ እየራበኝ እሷ ብትጠግብ ከጉሮሮዋ እንደማይወርድ ነገረችኝ። ሃያ አራት ፓውንድ ቀንሳለች፤ ከመጀመሪያውም ወፍራም አልነበረችም። የጋብቻ ቀለበቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ውስጡን ክር ጠምጥማበታለች። ያን ክር ባየሁ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ሴፕቴምበር 24

የተጠበሰ ቺዝ፣ ትልቁ ሣጥን። ወረቀቱን አውቶብሱ ውስጥ ልጆቹ ከጣሉት ቆሻሻ ሥር ቀበርኩት። ነገ አልደግመውም።

ሴፕቴምበር 25

ደገምኩት።

ኦክቶበር 7

አምስተኛ ምዘና። ሦስት መቶ አርባ ዘጠኝ። ኢንግሪድ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ደብተርዎ እዚህ ከሚመጡት ሁሉ የተሟላ ነው። እንደ እርስዎ የሚጽፍ አላጋጠመኝም። የሾርባውን ማንኪያ ሳይቀር ቆጥረዋል። ስምዎን ሸፍኜ ለሌሎች እንደ ምሳሌ ባሳየው ቅር ይልዎታል?»

«ኧረ ምን ገዶኝ» አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ኢንግሪድ ወዲያው ደም አስቀዳችኝ። ክብደት የሚቆጣጠሩት ዕጢዎቼ ላይ ችግር ይኖር ይሆናል ብላ ጠርጥራለች። ማርሊስ መኪና ውስጥ ጭኔን መታ መታ አደረገችኝ። «ይኸው! ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ ልባቸው አውቆታል። ስንት ዓመት ራስህን ስትወቅስ ኖረህ!»

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ውጭ አየሁ።

ኦክቶበር 15

ለቀዶ ሕክምናው የሚጠየቀው የሥነ ልቦና ምርመራ በኮምፒውተር፣ በቪዲዮ ጥሪ ነበር። መርማሪዋ ለስለስ ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ መጠጥ ጠየቀችኝ። ሁሉንም እውነቱን መለስኩላት። ከዚያ «ተደብቀው የሚበሉበት ጊዜ አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ፈጽሞ?»

«ሚስቴ ናት የምትመዝንልኝ» አልኩ። ጥያቄው ስለኔ፣ መልሱ ስለ ማርሊስ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ጻፈችና አለፈችው። አንድ ጊዜ ብትደግመው ኖሮ የምናገር ይመስለኛል። ደግሞ ሰው ላይ ማላከክ ጀመርኩ።

ኦክቶበር 28

በሾፌሮቹ ክፍል በር በኩል ሳልፍ ስሜን ሰማሁና ቆምኩ። መቆም አልነበረብኝም።

«የላይልን ወንበር አይተኸዋል? ስፖንጁ ተጣብቆ ወረቀት ሆኗል።»

«አትበል፣ ሰውዬው እየሞከረ ነው። ሚስቱ ለኔ ሚስት እንደነገረቻት በረሃብ ሊሞቱ ነው ሁለቱም።»

«እና ምነው አልቀነሰም?»

«በሽታ ነው ይላሉ። ምስኪን።»

በወንበሩ ቢስቁብኝ ለምጄዋለሁ። «ምስኪን» ያለኝ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። የማይገባኝን ሐዘኔታ ነው የወሰድኩት።

ኖቬምበር 4

ስድስተኛው ምዘና። ሦስት መቶ አርባ ሰባት። አለቀ! ስድስቱም ወር ተሟላ። ክሊኒኩ ውስጥ የኢንሹራንሱን ጉዳይ የምትይዘው ታማራ ወረቀቱን ሁሉ እፊቴ ለኢንሹራንሱ ላከችው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ዶክተር ሃልዴን ዲሴምበር 29ን በስሜ ያዘልኝ። ከተፈቀደ፣ ለዓመቱ ማብቂያ ሁለት ቀን ሲቀር ማለት ነው። ማርሊስ መኪና ማቆሚያው ላይ አቀፈችኝ፤ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ሆኗል።

ኖቬምበር 12

ተከለከለ።

ደብዳቤውን ማርሊስ ጮክ ብላ አነበበችው። «ታካሚው በቀን አሥራ አራት መቶ ካሎሪ ብቻ እየተመገበ በስድስት ወር ምንም አለመቀነሱ የዕጢ በሽታ መኖሩን ስለሚያመለክት፣ ቀዶ ሕክምናው ከመፈቀዱ በፊት ሙሉ ምርመራ ይደረግ።» ለታማራ ደውለን ጠየቅናት። የኦክቶበሩ ደም ብቻ አይበቃቸውም፣ ምርመራው ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል አለች። ጃንዋሪ አልፎ።

ያው ደብተሬ ነው የከለከለኝ። አንድም ቀን ከአሥራ አራት መቶ አላለፍኩም፤ አንድም ቀን። እንደ ሰው ትንሽ እንኳ አላጠፋሁም። ለልደቴ ኬክ አልበላሁም ብዬ ጽፌአለሁ፤ ማነው ለልደቱ ኬክ የማይበላ?

ማርሊስ ኢንሹራንሱ ጋ ደውላ አርባ ደቂቃ የስልክ መጠበቂያ ሙዚቃ ካዳመጠች በኋላ አንዷን ሠራተኛ አገኘቻት። «ስሚኝ የኔ እናት፣ ባሌ በሽታ የለበትም፣ ሰነፍም አይደለም። አንቺ ወረቀት ነው የምታይው፣ እኔ ሰውዬውን ነው የማየው!» ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «አይዞህ» አለችኝ። እኔን!

ኖቬምበር 15

ማርሊስ ደብዳቤ ጽፋለች። ሁለት ገጽ። አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከጁን ወር ጀምሮ ባለቤቴ በአፉ ያስገባውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።» ታማራ ቃለ መሐላ የማረጋገጥ ሥልጣንና ማኅተም ስላላት ማርሊስ እሷ ፊት ምላ ትፈርማለች፤ ዶክተሩም ከደብዳቤው ጋር ለኢንሹራንሱ ሐኪም ይደውላል። ቃለ መሐላ ክብደት አለው አሉ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።

ማርሊስ በሕይወቷ በሐሰት ምላ አታውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ሎተሪ ላይ በስህተት አንድ ትኬት ትርፍ ቢሰጣት በበረዶ ተመልሳ የመለሰች ሴት ናት።

ኖቬምበር 16

ብትፈርም ይፈቀድልኝ ይሆናል። ማንም አያውቅም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እውነተኛ ሰው እሆናለሁ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩና አነበብኩት። ኧረ ተው አንተ ሰውዬ።

ኖቬምበር 18

ነገርኳቸው።

ታማራ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ማኅተሙን አዘጋጅታ፣ «ቀኝ እጅዎን ያንሡ» አለቻት። ማርሊስ አነሣች። ቀለበቱ እስከ አንጓዋ ወረደ። ኢንግሪድም እዚያው ነበረች፣ ዶክተሩም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አትማዪ» አልኩ።

«ምን?»

«አትፈርሚ። ደብተሩ ውሸት ነው።»

ኢንግሪድ ደብተሬን አንሥታ ገለጠችው። «የትኛው ገጽ ነው?»

«ኮከብ ያለበት ሁሉ።»

ከዚያ አልቆምኩም። አውቶብሱን፣ ሐይቁን፣ ዶናቱን፣ ወረቀቱን የምቀብርበትን፣ ሁሉንም አወጣሁት። ኢንግሪድ ፊቷ ቀላ፤ በኔ ይሁን በራሷ አላወቅሁም። ዶክተር ሃልዴን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ይሄ ቢያንስ የምንሠራበት ነገር ነው» አለ። ሦስት ሳምንት እውነተኛ መዝገብ ከያዝኩ፣ በየሳምንቱም ለዚያች መነጽር ላደረገች ሴት የምበላውን ሳልደብቅ ከነገርኳት፣ ለኢንሹራንሱ ሐኪም ራሱ ደውሎ የዕጢ በሽታ እንዳልሆነ ያስረዳል። ዋስትና ግን የለም። ማርሊስ እጇ አሁንም ከፍ እንዳለ ነበር። ቀስ አድርጋ አወረደችው፣ ደብዳቤዋን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስንመለስ እሷ ነዳች። መገንጠያው ላይ ሃምበርገር ቤቱ ጋ ታጠፈችና በመስኮቱ በኩል ሁለት ሃምበርገርና ድንች ገዝታ፣ መኪናውን አቁማ፣ ሁለቱንም እፊቴ በላች። አልሰጠችኝም። አላየችኝም። ሁለተኛውን ስትጨርስ አገጯ ላይ ስጎ ነበር፤ ታለቅሳለች።

«ራበኝ እኮ» አለች። «አምስት ወር ተኩል ራበኝ፣ ላይል! ሆዴ ሲጮህ እንዳትሰማና እንዳታዝን ትራስ ታቅፌ ነበር የምተኛው።»

ይቅርታ አላልኳትም፤ ያን ጊዜ አፌ ላይ ሌላ ውሸት መስሎ ታየኝ።

ኖቬምበር 22

የአጋዘን አደን መክፈቻ። ዱዌይን ጥቁር ቡና ይዞ መጣ። «ጉልበቴን አሞኛል» ብዬ ልቀር ነበር፤ አምና ያልኩት እሱን ነው። «ለአደኑ ዛፍ ላይ የተሠራው መቀመጫ ሦስት መቶ ፓውንድ ነው የሚችለው፣ እኔ ከዚያ በላይ ነኝ» አልኩት። ዱዌይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «መሬት ላይ አብረን እንቀመጣለን» አለ። ሄድኩ። አጋዘን አላየንም። ማርሊስ ነግራው እንደሆን አልጠየቅሁትም።

ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። ማርሊስ ሙሉውን ሠራች፤ የቱርክ ዶሮውን፣ ድንቹን፣ የዱባ ኬኩን። ለራሷ ጢም አድርጋ አነሣች። የኔን የምግብ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ሳሎን ሄደች። ከአሁን በኋላ ራስህ መዝን ማለቷ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ከአሥር ቃል በላይ አልተናገረችኝም፤ «ጨው አቀብለኝ» ከነዚያ አንዱ ነው።

መዘንኩ። የክሊኒኩ ደብተር ላይ፦ «የዱባ ኬክ፣ አንድ ቁራሽ። ከዚያ ግማሽ፣ ቆሜ።» መጻፉ ከመብላቱ ያስጨንቃል።

ዲሴምበር 9

ሦስት ሳምንት። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ፓውንድ፣ ከነሁለት መጥፎ ቀናቱ። ኢንግሪድ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። «ይሄ አስቀያሚ መዝገብ ነው» አለች። ቀጥላም «አመሰግናለሁ» አለችኝ። ኮከብ አልለጠፈችም። ዶክተሩ ነገ ይደውላል።

ዲሴምበር 11

ተፈቀደ! ታማራ ስትደውል አውቶብሱን እያጠብኩ ነበር። ዲሴምበር 29፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ለማርሊስ ደውዬ ነገርኳት። «ጥሩ» አለች። ጥሩ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ዲሴምበር 14

ከነገ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ። ጉበት ላይ ያለው ስብ እንዲቀንስ ነው፤ ካልቀነሰ መንገድ ይዘጋባቸዋል። ዶክተሩ የነገረን አለ፤ አንድ ሰውዬ በልቶ አልበላሁም ብሎ ገባ፣ ከፈቱት፣ አዩት፣ መልሰው ሰፉት። እኔ ላይ ቢደርስ ሌላ ቀን የለኝም።

ዓርብ ክሊኒኩ ውስጥ አስታማሚ የሚፈርምበት ቅጽ ነበር። «የታካሚውን አመጋገብ ለመከታተል ቃል እገባለሁ» ይላል። ማርሊስ መስመሩን በብዕር ሰረዘችውና ከሥሩ በእጇ ጻፈች፦ «ወደ ሆስፒታል አመጣዋለሁ። ወደ ቤት እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ፈረመች። ታማራ አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ዲሴምበር 20

ሾርባ። ሾርባ። የቫኒላ ዱቄት በውሃ። የአውቶብሱ ልጆች ለበዓሉ የሠሩትን ብስኩት ትናንት ሲሰጡኝ ተቀብዬ ለመካኒኩ ሰጠሁት። እውነቴን ነው።

ዲሴምበር 25

ገና። ዱዌይን ቤት። ሾርባዬን በቴርሞስ ይዤ ሄድኩ። ሁሉም ደህና።

ዲሴምበር 29

ሆስፒታል ነኝ። ከኋላው የማይገጥም ቀሚስ አልብሰውኝ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ማርሊስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ፈጣን። ስሜን፣ የልደት ቀኔን፣ የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀችኝ። ከዚያ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከፈሳሽ ሌላ የቀመሱት አለ?» አለች፤ ይህንን ስትጠይቅ ግን ያየችው ማርሊስን ነው። ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ባል ይጠየቃል፣ ሚስት ትመልሳለች።

«እኔን አትዪኝ» አለቻት ማርሊስ። «እሱን ጠይቂው።»

ነርሷ ወደኔ ዞረች። የለም ብል በቃ፣ ብዕሯን ታነሣና ታልፋለች። ከፍተው ካዩ በኋላ የሚሆነው ይሆናል።

«አለ» አልኩ። «የገና ዕለት። ሃም። ሦስት ቁራሽ።»

ሰዎቹ ሳሎን ውስጥ ስጦታ ሲከፍቱ እኔ የዱዌይን ፍሪጅ ፊት ቆሜ ያን የአሳማ ሥጋ በእጄ በላሁት። በሩን እንኳ አልዘጋሁትም። የዚያን ዕለት እዚህ «ሁሉም ደህና» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ይኸው ከላይ አለ። ማንም በማያየው ደብተር ላይ ማንን ልሸውድ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

«ለዶክተሩ መንገር አለብኝ» አለች ነርሷ።

«ንገሪው።»

መጋረጃውን ስባ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ቆየች። ማርሊስን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ የግድግዳውን ሰዓት ነው ያየሁት። ሊሰርዙት ነው። ማርች ላይ የአውቶብሱን ቁልፍ አስረክባለሁ። ለሦስት ቁራሽ ሃም!

«ሦስት?» አለች ማርሊስ ድንገት።

«ሦስት።»

«የዱዌይንን ሃም?»

«አዎ።»

«ያን እንደ ጫማ ሶል የደረቀውን?»

«እሱኑ።»

«ከበላህ አይቀር ምናለ የሚበላ ነገር ብትበላ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ወዲያው አልለየሁትም። ሳቅ ነበር። ከኖቬምበር ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተር ሃልዴን ራሱ መጣ። «ከአራት ቀን በፊት፣ ሦስት ቁራሽ፣ ሌላ የለም?» አለኝ። ሌላ የለም። እንደገና አሰብኩ። የለም። «እሺ፤ ገብቼ አያለሁ። ጉበትህ መንገድ ከዘጋኝ ሰፍቼህ እወጣለሁ፣ ምንም ሳልሠራ። ተስማማህ?» ተስማማሁና ፈረምኩ።

አልጋውን የሚገፉት ሰዎች መጥተው መጋረጃው ጋ ቆመዋል። ማርሊስ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው፤ ብድግ ብላ አጠገቤ መጣች።

«ስትነቃ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። «ምንም ሠሩልህ፣ አልሠሩልህ። ግን ከእንግዲህ ስለ አንተ ለማንም አልምልም፣ ላይል። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።